ሦስት የመዶሻ ምት

«ሰርቮውን ተጠንቅቀህ ፍታልኝ፤ እሱን ለብቻው ነው የምሸጠው። ሌላውን ቆራርጠን እንጭነዋለን» አለ ምስጋኑ፣ ከወልድያ የመጣው የብረት ገዢ፣ ወደ መኪናዋ ሆድ ሥር ጎንበስ ብሎ።

ቢሆነኝ ካርቶን ላይ በጀርባው ተንጋሎ፣ ዓይኑን ከፍሬን ፔዳሉ ሥር ተንጠልጥሎ በቀረው ዘንግ ላይ ተክሏል። ሐምሌ ነው፤ የጋራዡ ግቢ ጭቃ ካርቶኑን አልፎ ሸሚዙን አርሶታል። የብሎን መፍቻ ቺያቤውን እንደያዘ እጁ ቆሟል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ላሊበላ ውስጥ «ፍሬን ከሆነ ወደ ቢሆነኝ» ሲባል የኖረ ሰው፣ አሁን አንዲት ጣት የማታስገባ ቀዳዳ ማየት አቅቶት ፊቱን ወደ ጎማው አዞረ።

መኪናዋ የሰይፈ ሥላሴ የጭነት ቤድፎርድ ናት። አገሩ ሁሉ «አሮጊቷ» ይላታል። ሰይፈ ሥላሴ ከሞተ ሦስት ዓመት ሆነው፤ ከዚያ ወዲህ ሚስቱ ዓይናዲስ በአሮጊቷ እህልና ሲሚንቶ እያስጫነች ሦስት ልጆቿን ታስተምራለች። ዛሬ ግን ልትገላገላት ነው። ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ስባ ከግቢው በር ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች፤ ወደ መኪናዋ መቅረብ አልፈለገችም። ከተቀመጠችበት ተጣራች።

«አያ ቢሆነኝ፣ ቶሎ በላቸውና ይጨርሱ። ስትቆረጥ ማየት አልፈልግም።»

«እሺ እታለም።»

«ደግሞ ከጋቢናው የሚካኤልን ሥዕል አውጣልኝ። እሱን አብረው እንዳይወስዱት።»

«እሺ።»

እሺ፣ እሺ! ከዚህ ሌላ ምን ቃል አለው። የሚናገረውን ሁሉ ከአርባ ቀን በፊት መናገር ነበረበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአሮጊቷ ፍሬን ከጥንትም ድንጋይ ነበር። ሹፌሩ ኪዳን፣ ያ ግዙፍ ሰው፣ ቁልቁለት ላይ ከመቀመጫው ተነስቶ በሁለት እግሩ ካልቆመበት አይይዝለትም። ዘንድሮ በሰኔ ዓይናዲስ ከጋሸና የማዳበሪያ ጭነት አገኘች፤ የጫኚዎቹ ማኅበር ግን «ፍሬኗ ካልተሠራ አናስጭንም» አላት። ቢሆነኝ ከሌላ መኪና የወጣ ሰርቮ ፈልጎ አመጣ። ሰርቮ ማለት እንደ ብረት ድስት ያለ ክብ ነገር ነው፤ በሞተሩ ትንፋሽ እየሳበ የሹፌሩን እግር ያግዛል። አራት ቀን ለፍቶ ገጠመው፤ ቱቦውን ዘረጋ፣ ዘይቱን ሞላ፣ አየሩን አስወጣ። ሰኔ አሥራ አንድ ሲመሽ የቀረው አንድ ሥራ ነበር፤ ፔዳሉን ከሰርቮው ዘንግ ጋር ማገናኘት። የዘንጉ ጫፍ እንደ ሹካ ነው። ሹካው ፔዳሉን አቅፎ ይይዛል፤ በሁለቱም ውስጥ አንዲት ፒን ታልፋለች፤ የፒኗ ጫፍ በወዲያ በኩል ሲወጣ ቀዳዳዋ ላይ መቆለፊያ ሽቦ ይገባል። ይኸው ነው። የግማሽ ሰዓት ሥራ።

ግን ማግስቱ ሰኔ አሥራ ሁለት ነው። የሰኔ ሚካኤል፤ የቅዱስ ላሊበላም በዓል። በዚያ ቀን ላስታ ውስጥ ማን ብረት ይነካል!

ዓይናዲስ በዋዜማው መጥታ እግሩ ላይ ልትወድቅ ደረሰች።

«አያ ቢሆነኝ፣ አሥራ ሦስት ጠዋት ጋሸና ካልተገኘች ጭነቱን ለሌላ ሰው ይሰጡታል። ገበሬውም ዘር ደርሶበታል።»

«ነገ እኮ በዓል ነው፣ እታለም።»

«አውቃለሁ። ኃጢአቱ በኔ ይሁን።»

ኪዳን ከጎኗ ቆሞ ነበር። «እትዬ፣ በሰኔ ሚካኤል ባናስነካት ይሻላል» አለ፣ ባርኔጣውን እያሻሸ። ዓይናዲስ አልሰማችውም። ቢሆነኝም የሟች ጓደኛውን ሚስት እምቢ ማለት አልሆነለትምና እሺ አለ።

እና ሠራ። ግን እንዴት ሠራ! የግቢውን በር በውስጥ ቆልፎ፣ ቺያቤው ሲወድቅ እንዳይሰማ ከሥሩ ጆንያ አንጥፎ፣ ሲያስለው እንኳ በክንዱ አፉን ሸፍኖ። የሰርቮው ሹካ ቀዳዳ ከፒኗ በጥቂቱ ይጠብ ነበር። መሰርሰሪያ እንዳያስነሳ ይጮሃል። በእጅ ሞረድ ቀስ ብሎ ፈገፈገው፤ ፒኗ ግማሽ መንገድ ገብታ ቆመች። ሦስት የመዶሻ ምት ቢያሳርፍባት ወዲያ ማዶ ብቅ ትል ነበር። ሦስት ብቻ!

መዶሻውን አነሳ። ልክ ያኔ ከአጥሩ ውጭ ከንግሥ የሚመለሰው ሕዝብ ማለፍ ጀመረ፤ እልልታው፣ ከበሮው፣ የነጠላው ንጣት በቆርቆሮው ክፍተት። የነፍስ አባቱ መምሬ ገብረ ሊባኖስ ድምፅም ከመሃል ይሰማል። ቢሆነኝ መዶሻውን በአየር ላይ እንደያዘ ቀረ። «ሰው ምን ይለኛል?» አለ በሆዱ። አይ ይሄ «ሰው ምን ይለኛል» የሚሉት ነገር! ስንቱን ቤት አፈረሰ! መዶሻውን ቀስ አድርጎ አስቀመጠና ፒኗን እንዳትንሸራተት በቀጭን ሽቦ ጠመጠማት። «ነገ በጠዋት እመታታለሁ» አለ።

ማግስቱ ገና ሳይነጋ የአሮጊቷ ሞተር ሲነሳ ከአልጋው ሆኖ ሰማ። ሰማ እንጂ! ኪዳን ሥራው ያለቀ መስሎት ቸኩሎ ነበር። ቢሆነኝ በመንገድ ላይ እየሮጠ «ቁም፣ ፍሬኑ አልተጨረሰም!» ቢል ጎረቤቱ ሁሉ በበዓል ሲሠራ መዋሉን ሊሰማ ነው። «ሲሄድ ዳገት ነው፤ ማታ ሲመለስ እጨርሳታለሁ» ብሎ ብርድ ልብሱን ወደ ላይ ሳበ።

ሽቦው ዳገቱን ቻለ። ስልሳ ኩንታል ማዳበሪያ ተጭኖ በመልሱ ቁልቁለት ላይ አልቻለም። ኪዳን ሲረግጠው ፔዳሉ ባዶውን ወለሉ ላይ ወደቀ፤ የእጅ ፍሬኑ እንደሆነ ዱሮም ለስሙ ነው። ሰውዬው ጎበዝ ሹፌር ባይሆን ገደል ገብቶ ነበር። ማርሽ ቀንሶ ቀንሶ መኪናዋን ከተራራው በኩል ካለው አፈር ጋር አላተማት። ነፍሱ ተረፈች፤ ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በታች ሁለት ቦታ ተሰበረ። ማዳበሪያው ግማሹ ዝናብ ላይ ፈሰሰ፤ የቀረውም ጭነት ለሌላ ሰው ተሰጠ።

ትራፊክ ፖሊሱ «የፍሬን ብልሽት» ብሎ ጻፈ። አሮጌ መኪና ናት፤ ማን ይገረማል? ሕዝቡ ግን ሌላ መዝገብ አለው። «በሰኔ ሚካኤል ተሠርታ ነዋ!» አለ ገበያው። «ዓይናዲስ በዓል ሽራ፣ መልአኩ ተቆጥቶ» አለ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ። ለቢሆነኝማ ይባስ ብለው ያዝኑለት ጀመር፤ «አንተ ምን ታደርግ፤ የባልቴት ልመና አላስችል ብሎህ ነው» ይሉታል። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይኼ ነው። እሱም ዝም።

ከዓይናዲስ ጋር ሆነው ወደ መምሬ ገብረ ሊባኖስ ሄዱ። እሷ እያለቀሰች ተናዘዘች። እሱም ተናዘዘ፤ «በበዓል ብረት ነክቻለሁ» አለ። እውነት ነው፤ ነክቷል። ስለ ፒኗ ግን ትንፍሽ አላለም። በቀን አርባ ስግደት ታዘዘለትና ሃያ አንድ ቀን ሙሉ አንድም ሳያጓድል ሰገደ። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል፤ የእሱ ግን እያደር ከበደ። በሰገደ ቁጥር ራሱን ጠላው። ሚስቱ ባንችይርጋ «እንዴት ያለ መንፈሳዊ ሰው ሆንክ!» ስትለው እራቱን ትቶ ተነሳ። ፍሬን ይዘው የሚመጡትን «ወገቤን አሞኛል» እያለ መለሳቸው።

እንግዲህ ዛሬ አሮጊቷ ተጎትታ ግቢው ውስጥ ቆማለች፤ የምስጋኑ ሁለት ሠራተኞች የጋዝ ሲሊንደራቸውን እያንከባለሉ ናቸው።

ቢሆነኝ ከሥር ወጣ። ጋቢናው ውስጥ ገብቶ የሚካኤልን ሥዕል ከመስታወቱ ላይ አነሳና ወደ ዓይናዲስ ሄደ። ሥዕሉን በሁለት እጇ ተቀብላ ሳመችው።

«እታለም፣ ይቺን መኪና አትሽጫት» አለ ድንገት።

«ምን አልክ?»

«ምንም አልሆነችም እኮ። ፊቷ ተጨማደደ እንጂ ሞተሯ ደህና ነው፣ ካምቢዮዋ ደህና ነው። ፍሬኑም... ፒን ወልቃ ነው እንጂ ሌላ አይደለም።»

«የምን ፒን?»

«ፔዳሉን ከሰርቮው ጋር የምታያይዝ። ይቺን የምታህል ናት» አለና የትንሽ ጣቱን ግማሽ አሳያት። «እሷ ወለቀች፤ ፔዳሉ ባዶውን ወረደ።»

ዓይናዲስ ነጠላዋን ከአፍንጫዋ አወረደች። ፊቷ በአርባ ቀን ውስጥ አርጅቷል። «ዝም ብላ ወለቀች?»

«አዎ... ወለቀች።»

«አየህ!» አለች። «አየህ አያ ቢሆነኝ! አንተ የገጠምከው ፒን ዝም ብሎ ይወልቃል? በሠላሳ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ወልቆብህ ያውቃል?»

«የለም፣ ግን—»

«እሱ ነው ያወለቃት። መልአኩ ነው። በገዛ እጁ መዝዞ ጣላት!» ሥዕሉን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች። «ዛሬ ባትነግረኝ ጥሩ ነበር።»

ቢሆነኝ ግማሽ እውነት ሰጥቶ ሊያመልጥ ነበር፤ ግማሹ እውነት ሴትዮዋን ጭራሽ ቀበራት።

በዚህ መሃል መምሬ ገብረ ሊባኖስ ጃንጥላቸውን ከዝናቡ አራግፈው ገቡ። ሁሉም ተነስቶ መስቀል ተሳለመ፤ ምስጋኑ እንኳ የአንገት ልብሱን ፈታ።

«አልሰማ አልሽኝ አይደል?» አሉ ወደ ዓይናዲስ። «ንስሐ ግቢ አልኩሽ እንጂ መኪና ሽጪ መቼ አልኩሽ? ቅዱስ ሚካኤል ከቤድፎርድ ጋር ምን ጠብ አለው?»

«አባቴ፣ በእሷ እንጀራ መብላት አልችልም። የኪዳንን እግር የሰበርኩት እኔ ነኝ። ከሽያጩ እኩሌታውን ለእሱ እሰጣለሁ።»

«ልጆችሽስ?»

«የሰው ቤት እሠራለሁ። ምን ይደረግ።» ወደ ቢሆነኝ ጠቆመች። «ይኸው አያ ቢሆነኝ ይንገርዎ። ፒኗ ያለ ሰው እጅ ነው የወለቀችው።»

መምሬ ዞር ብለው አዩት። ዓይናቸው በሞራ ደክሟል፤ ግን ሰው ላይ ሲያርፍ ቶሎ አይነሳም።

«እውነት ነው ልጄ? አንተ የእጅ ባለሙያ ነህ፤ ታውቃለህ። የእግዜር ነው ወይስ የእጅ ሥራ?»

በቀጥታ ነው የጠየቁት። እንዲህ ያለ በር በሕይወቱ ተከፍቶለት አያውቅም።

«እንጃ አባቴ» አለ። «እኔ ምን አውቃለሁ።»

አለው! ከአፉ ሲወጣ ሰማው። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አለ። መምሬ ራሳቸውን ነቀነቁ። ዓይናዲስ በረጅሙ ተነፈሰች። ምስጋኑም «እንግዲህ እንጀምር፤ ዝናቡ ሳይብስ» አለና እጁን አወናጨፈ። ከሠራተኞቹ አንዱ መቁረጫውን ለኮሰ፤ ሰማያዊዋ እሳት ፉጨት አሰማች፤ ሰውዬው ወደ አሮጊቷ በር ጎንበስ አለ።

«አጥፋው!» አለ ቢሆነኝ።

«ምን?»

«አጥፋው አልኩህ! አትንካት!»

ሰውዬው ምስጋኑን አየ፤ ምስጋኑ ቄሱን አየ። እሳቱ ጠፋ። ቢሆነኝ ጭቃው ላይ ቆሞ ወደ ማንም ሳያይ ተናገረ።

«መልአኩ አይደለም። እኔ ነኝ። ፒኗን እስከ መጨረሻው አላስገባኋትም። ቀዳዳው ጠበበ፤ ሦስት የመዶሻ ምት ይበቃት ነበር። የመዶሻውን ድምፅ ፈራሁ። ሰው ከንግሥ እየተመለሰ ነበር፤ እርስዎም አባቴ በአጥሩ በኩል እያለፉ ነበር። በሽቦ ጠምጥሜ ተውኳት። ኪዳን ሲወጣም ሰምቻለሁ። ከአልጋዬ ሆኜ ሰምቻለሁ፤ አልተነሳሁም።»

ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ይንጣጣል።  ዓይናዲስ ሥዕሉን ለመምሬ ሰጥታ ወደ እሱ መጣች። ትጮሃለች ብሎ ጠበቀ። አልጮኸችም፤ ያ ባሰ።

«ከዚያ ቀን ጀምሮ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር አልገባሁም» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ታውቃለህ?» ሳቅ የመሰለ ነገር ከጉሮሮዋ ወጣ። «አዎ፤ ታውቃለህ። ውጭ ሆኜ ዝናብ ሲወርድብኝ፣ አንተ ከወንዶቹ መሃል ቆመህ ስታስቀድስ አይቼሃለሁ። 'እሱ እንኳ ንስሐው ደረሰለት፤ የኔ ግን አልደረሰም' እያልኩ ስቀናብህ ነበር።»

«እታለም—»

«እታለም አትበለኝ! በበዓል አሠርቼሃለሁ፤ እሱ የኔ ነው፣ ተሸክሜዋለሁ። ያንተን ለምን ጫንክብኝ? እኔ ልጆች የማሳድግ ሴት ነኝ፤ ጀርባዬ ስንቱን ይችላል?»

 

«እና ቀረ ማለት ነው?» አለ ምስጋኑ። «ከወልድያ ድረስ ነዳጅ አቃጥዬ—»

«ቀረ። አልሸጥም» አለች ዓይናዲስ ሳትዞር።

ምስጋኑ ሲሊንደሩን ወደ መኪናው እያስጫነ ለሠራተኞቹ የሚነግር መስሎ ድምፁን ከፍ አደረገ። «በሉ ላሊበላዎች! ከእንግዲህ ፍሬናችሁን ወልድያ አምጡ።» አንዱ ሠራተኛ ሳቀ። ቢሆነኝ ሰማ፤ ይገባዋል። ነገ ይህ ወሬ ሹምሸሃ ይደርሳል፣ ከነገ ወዲያ ጋሸና።

ዓይናዲስ ሥዕሏን ተቀብላ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። በሩ ላይ ስትደርስ ብቻ ቆመች።

«ለኪዳን እኔ አልነግርልህም» አለችና ቁልቁል ወደ ቤተ ክርስቲያኑ መንገድ ሄደች።

ቢሆነኝ ወደ መምሬ ዞረ። ድምፁ እንደ ተማሪ ልጅ ሆነ። «አባቴ፣ እርስዎ ቢነግሩልኝስ? ከእርስዎ አፍ ቢሰማው ይቀልለታል።»

«ይቀልለታል? ለእሱ ነው ለአንተ?» አሉ መምሬ፣ ጃንጥላቸውን እየዘረጉ። «እኔ ስለ ፒን ምን አውቄ እናገራለሁ ልጄ? የገዛ አፍህን ይዘህ ሂድ።»

ብቻውን ቀረ። እጁን በናፍጣ ታጠበ፣ በሳሙና ደገመ። የሥራ ቱታውን ሊያወልቅ ጀመረና ተወው። ከግቢው ወጥቶ መንገዱ ለሁለት የሚከፈልበት ቦታ ደረሰ። በቀኝ ወደ ቤቱ ነው፤ ባንችይርጋ ምሳ አቅርባ ትጠብቃለች። በግራ ወደ አሸተን ማርያም የሚወጣው ዳገት ነው፤ የኪዳን ቤት እዚያ ጥግ ላይ ነው። ቆመ። ነገ ቢሄድስ? ዛሬ ዝናብ ነው፤ ሰውዬውም ታማሚ ነው፤ ነገ በጠዋት ቢሄድ ይሻላል። እንዲህ ሲያስብ ራሱን ሰማና ቀፈፈው፤ ያንን «ነገ በጠዋት» የሚለውን ቃል ያውቀዋል።

ስልኩ ጮኸ። ኪዳን ነው።

«አያ ቢሆነኝ፣ እንደምን ዋሉ? ቆረጧት እንዴ?» ድምፁ የታፈነ ነው፤ ለአሥራ ሁለት ዓመት የነዳት መኪና ናት።

«አልቆረጧትም።»

«እውነትዎን ነው? ተመስገን! ምን ተገኘ? እትዬ ሐሳቧን ቀየረች?»

«መጥቼ እነግርሃለሁ።»

«አሁን ይንገሩኝ እንጂ! ሰው በስልክ አይደሰትም እንዴ?»

«በስልክ የሚባል አይደለም፣ ኪዳን። የሚያስደስትም አይደለም። ፊትህ ቆሜ ነው የምነግርህ።»

 ከኪዳን በስተኋላ ሰዎች ሲያወሩ፣ አንድ ሽማግሌ ሲስቅ ይሰማል።

«ማን አለ እቤት?» አለ ቢሆነኝ።

«ኧረ ቤቱ ሙሉ ነው፤ ሰፈርተኛው ሊጠይቀኝ መጥቶ። የጫኚዎቹ ማኅበር ሰዎችም አሉ።» ኪዳን ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ምስጢር ከሆነ ላሰናብታቸው?»

ቢሆነኝ ዳገቱን ቀና ብሎ አየው። 

«የለም» አለ። «ይቆዩ።»